መጽሐፉን ብንቀማው አባቱን ከየት እናመጣለታለን?



ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ስለ ልብ ወለድ መጻሕፍት ነው፤ ያውም ስለ ታዳጊ ልጆች ልብ ወለድ። «ኡስታዙ ሌላ የሚጽፈው አጣ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ጉዳዩ ከመጽሐፍ ይጀምር እንጂ የሚያልቀው በየቤታችን ማዕድ ዙሪያ ነውና እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድታነቡኝ እጠይቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በመድረሳችን ቁርኣን በማስቀራበት ሰዓት አንድ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ከረሕሉ ሥር ሌላ መጽሐፍ ደብቆ ሲያነብ አገኘሁት። ቀማሁት። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ አሜሪካ የሚኖር አጎቱ የላከለት ነው። እኔም በጓደኞቹ ፊት ገሥጬው መጽሐፉን በመሳቢያዬ ቆለፍኩበት። በውስጤም ግዴታዬን የተወጣሁ መሰለኝ።

ሰኞ ዕለት እናቱ መጣች። «ኡስታዝ፣ በቂርአት ሰዓት ማንበቡ ጥፋት ነው፤ እኔም ተቆጥቼዋለሁ፤ ዐውፍ ይበሉት» አለችኝ። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አባቱ ሳዑዲ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። ይህ ልጅ ማታ ማታ ቤት የሚቀመጥልኝ ያንን መጽሐፍ ሲያነብ ብቻ ነው። እርስዎ ይቅርበት ካሉ ይቅርበት። ግን በእሱ ፈንታ ምን ልስጠው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። «አያለሁ እህቴ» ብዬ ሸኘኋት።

መጽሐፉን ወደ ቤቴ ይዤ ገባሁ። በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬና በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እውነቱን ልናገርና ስጀምረው የምፈልገው ነውሩን ነበር። ነውሩን አግኝቼ ለእናቲቱ «ይኸው!» ለማለት። ያገኘሁት ግን ሌላ ነው።

መጽሐፉ «ጎስት» ይባላል። ጄሰን ሬይኖልድስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ደራሲ የጻፈው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ባለታሪኩ ካስል ክራንሾ የሚባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አባቱ ሰክሮ በእናቱና በእሱ ላይ ጥይት ተኩሷል። እናትና ልጅ በሌሊት ሮጠው አንድ ሱቅ ውስጥ ተደብቀው ተረፉ፤ አባትየው ወህኒ ወረደ። ልጁ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ፈጣን ሯጭ መሆኑን ዐወቀ፤ በልቡ ግን ዛሬም ከዚያ ቤት እየሸሸ ነው። በትምህርት ቤት ይደባደባል። የሩጫ ቡድን ውስጥ ሲገባም ደህና ጫማ ስለሌለው ከሱቅ ይሰርቃል። አንባቢ ሆይ! ይህ ልጅ ግን አባቱ ይወደው የነበረውን የሱፍ ፍሬ ዛሬም እየገዛ ይቆረጥማል። አባትየው በጥይት ሊገድለው ተኩሷል፤ ልጁ ግን የአባቱን ልማድ ከአፉ አላወጣም።

ይህን ልጅ ማን ያዘው? አንድ የታክሲ ሾፌር! የሩጫ ቡድኑ አሠልጣኝ ነው፤ እሱም በዚያው ሰፈር ከሱሰኛ አባት ጋር ያደገ። ስርቆቱን በደረሰበት ጊዜ አይቶ እንዳላየ አላለፈውም፤ በአደባባይም አላዋረደውም። ወደ ሱቁ ይዞት ሄዶ የጫማውን ዋጋ ከኪሱ ከፈለ። እኔም ቅዳሜ ዕለት በጓደኞቹ ፊት ያደረግሁትን አስታወስኩና አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ዐይነት መጻሕፍት ለማወቅ ጓጓሁ። ልጁ ከአጎቱ ሌሎችም ነበሩትና እየተዋስኩ አነበብኩ። በአሜሪካ ለታዳጊ ወጣቶች በሚጻፈው ልብ ወለድ ውስጥ አባት የሌለበት ወንድ ልጅ የቆየ ባለታሪክ ነው። ኤስ. ኢ. ሂንተን የተባለችው የኦክላሆማ ተወላጅ ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች የጻፈችውና እ.ኤ.አ. በ1967 የታተመው «ዘ አውትሳይደርስ» ወላጆቻቸው በመኪና አደጋ የሞቱባቸውን ሦስት ወንድማማቾች ታሪክ ይናገራል። ታላቅየው ሃያ ዓመቱ ነው፤ የራሱን ትምህርት ትቶ ታናናሾቹን ለማሳደግ ይለፋል። ታናሹ ግን ወንድሙ የሚጠላው ይመስለዋል። ዋልተር ዲን ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ ጂሚ የተባለ ልጅ አለ። በወህኒ የኖረው አባቱ አንድ ቀን ድንገት መጥቶ በሩ ላይ ይቆማል። አባትየው ታሟል፤ ቀኑ አልቋል፤ ከመሞቱ በፊት ልጁ እንዲያምነው የሚፈልገው አንድ ነገር አለ፦ የተፈረደበትን ነፍስ እንዳላጠፋ። ልጁ ግን ሰውየውን አያውቀውም! በማያውቀው ሰው እንዴት ይመን?

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን የዚያው የሬይኖልድስ ሌላ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «ሎንግ ዌይ ዳውን» ረጅሙ የቁልቁለት መንገድ እንደ ማለት ነው። ዊል የተባለ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ወንድሙ በጥይት ተገድሎበት፣ ሽጉጥ በወገቡ ታጥቆ፣ ገዳይ ነው ያለውን ሊገድል በአሳንሰር ይወርዳል። የሰፈሩ ሕግ ሦስት ነው፦ አታልቅስ፣ አትጠቁም፣ ተበቀል። አሳንሰሩ በየፎቁ ሲቆም በዚሁ ሕግ የሞቱ ሰዎች አንድ በአንድ ይገባሉ። ከእነርሱም አንዱ ልጁ ገና ሦስት ዓመቱ ሳለ የተገደለው አባቱ ነው። አባትየውም የራሱን ወንድም ደም ሊመልስ ወጥቶ የገደለው ሌላውን ሰው እንደ ነበረ ለልጁ ይነግረዋል።

«የአባት ዕዳ ለልጅ» የሚለው የእኛው ተረት አይደለምን? ያ አባት ለልጁ ገንዘብ አልተወለትም፤ ምክር አልተወለትም። የተወለት አንድ ሕግ ነው፤ እሱም የደም ሕግ። የዚህን ክፋት እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን። በወሎ አበጋር የሚባሉ አስታራቂ አባቶች ደም በተቃቡ ወገኖች መካከል እየገቡ ያስታረቁት ስንቱን ነው! እንዲህ ያለ አባት ከመካከል ገብቶ «ተው» ባይለው ኖሮ የእኛስ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ወዴት ይወርድ ነበር?

እንግዲህ እነዚህ መጻሕፍት የሚሉት ሲጠቃለል አንድ ነገር ነው። የአባት ቦታ ባዶ ሆኖ አይቀርም። አባት ሲጠፋ ሌላ ነገር ይገባበታል። መንገድ ይገባበታል፣ ቡድን ይገባበታል፣ ቂም ይገባበታል፤ ወይም አንድ ደግ ሰው ይገባበታል። ምን እንደሚገባበት የሚወስኑት በዙሪያው ያሉ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ይህን እውነት የተናገረ መጽሐፍ ጠላታችን የሚሆነው በምን ምክንያት ነው?

እዚህ ላይ ከአንዳንድ ወንድሞች ጋር ተከራክሬያለሁ፤ ክርክራቸውንም ላቅርብ።

አንደኛው «ይህ የአሜሪካኖች ጣጣ ነው፤ የእኛ ቤተሰብ በአላህ ፈቃድ ጥብቅ ነው» ይላል። ወንድሜ ሆይ! የስም መዝገቤን ልግለጥልህ። በሀገራችን ልማድ ልጅ የሚጠራው በስሙና በአባቱ ስም ነው። ስም ስጠራ በየቀኑ የአባቶችን ሁሉ ስም እጠራለሁ፤ «አቤት» የሚለኝ ግን ልጁ ብቻ ነው። ከእነዚህ አባቶች የሞቱ አሉ፤ አላህ ይማራቸው። ለእንጀራ ብለው በየመን በኩል ባሕር ተሻግረው ሳዑዲ የገቡ አሉ። እናቲቱን ፈትተው ልጁንም አብረው የፈቱ አሉ። በጣም ብዙዎቹ ግን እዚሁ ናቸው! ሱቅ ውለው፣ ከሱቅ ጫት ቤት፣ ከጫት ቤት ስልካቸው ላይ። ልጃቸው ስንተኛ ክፍል እንደ ሆነ ስጠይቃቸው «እናቱ ታውቃለች» የሚሉኝ አባቶች አሉ። ታዲያ የቱ ነው የአሜሪካኖች ጣጣ?

ሁለተኛው «ልብ ወለድ ውሸት ነው፤ ጊዜ ማባከን ነው» ይላል። አላህ የተረከልን ታሪክ ሁሉ ሐቅ ነው፤ የሰው ልብ ወለድም ከእሱ ጋር አይነጻጸርም፤ ይህ ያለቀለት ነው። ነገር ግን የዐረብኛ ተማሪዎች ለዘጠኝ መቶ ዓመታት ያህል የቋንቋን ውበት የተማሩበት የአል-ሐሪሪ «መቃማት» ምንድን ነው? ባለታሪኩ በምላሱ የሚኖር አጭበርባሪ፣ ታሪኩም የተፈጠረ መሆኑን እያወቁ ዑለሞች አነበቡት፣ አብራሩት፣ አስተማሩት። ታሪኩ የተፈጠረ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ አልተዋሸም። የሚጠየቀው ታሪኩ ወዴት ይመራል ነው።

ሦስተኛው ክርክር የሚናቅ አይደለም። «በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ድብድብ አለ፣ ሲጋራ አለ፣ ስርቆት አለ፣ ሽጉጥ አለ» ይላሉ። እውነት ነው፤ አለ። «ዘ አውትሳይደርስ» ውስጥ የዐሥራ አራት ዓመቱ ልጅ ያጨሳል። ስለዚህም ነው ወላጅ ወይም መምህር አስቀድሞ ያንብብ የምለው። ደግሞም እኔ ራሴ በእነዚህ መጻሕፍት ላይ ቅሬታ አለኝ። አንዳንዱ ደራሲ አባትን በመጀመሪያው ገጽ የሚገድለው ልጁ ያለ ተቆጣጣሪ እንደ ልቡ እንዲዞርለት ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ያነበበ ልጅ «አባት ባይኖር ነፃነት ነው» የሚል ነገር ይዞ ይነሣል። ይህ ውሸት ነው፤ ጎጂም ነው። መልካሙ መጽሐፍ ግን ልጁ በየገጹ የሚከፍለውን ዋጋ ያሳያል። መጥፎውን ከመልካሙ የሚለየው ያነበበ ሰው ነው፤ ሁለቱንም በመሳቢያ የሚቆልፍ አይደለም።

ደግሞስ ቆልፈን ምን እንሰጣለን? የእናቲቱ ጥያቄ ይህ ነበር። በአማርኛ አባቱ ስለ ራቀበት የዐሥራ አራት ዓመት ሙስሊም ልጅ ለልጁ ዕድሜ የተጻፈ ታሪክ ፈልጌ የምሰጠው አጣሁ። እናንተ ቤት መደርደሪያ ላይ አለ? እኛ ያልጻፍነውን ሌላ ሰው ጻፈው፤ ልጁም ራሱን እዚያ አገኘው። ጥፋቱ የማን ነው?

እኛ ምሳሌ የለንም እንዳይባል ከማንም የቀደመ ምሳሌ አለን። ነቢዩላህ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ሚስታቸውን ሃጀርንና ሕፃኑን ኢስማዒልን በአላህ ትእዛዝ እህል በማይበቅልበት ሸለቆ ትተው ሄዱ። ልጁ ያለ አባት ዐይን አደገ። በሶሒሕ አል-ቡኻሪ እንደ ተዘገበው ኢብራሂም ከብዙ ጊዜ በኋላ ሊጠይቁት መጡ። ልጁን ቤት አላገኙትም። የልጁን ሚስት ስለ ኑሯቸውና ስለ ሁኔታቸው ጠየቋት። እርሷም አማረረች። እሳቸውም ለልጃቸው መልእክት ትተው ሄዱ። ሌላ ጊዜም መጡ፤ አሁንም አላገኙትም፤ ሌላ ሚስት አግብቶ ነበርና እርሷንም ጠይቀው፣ ምስጋናዋን ሰምተው፣ መልካም መልእክት ተዉለት። በሦስተኛው ግን ከዘምዘም አጠገብ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ፍላጻውን ሲያሾል አገኙት። ልጁ ተነሥቶ ተቀበላቸው፤ አባትና ልጅ እንደሚሆኑት ሆኑ። ከዚያስ ምን አደረጉ? ልጁ ድንጋይ እያቀበለ፣ አባቱ እየገነባ ከዕባን አብረው ሠሩ።

አባቶች ሆይ! እዚህ ታሪክ ውስጥ ርቀት አለ፤ መጥፋት ግን የለም። የሄዱት በትእዛዝ ነው፤ ለተዉአቸውም ዱዓ አድርገዋል፤ ተመልሰውም በር አንኳኩተዋል። ቤት ባያገኙት «አጣሁት» ብለው አልቀሩም፤ ደግመው መጡ። የጠየቁትም ስለ ኑሮውና ስለ ሁኔታው ነው። እስቲ የእኛን የስልክ ጥያቄ ከዚህ ጋር እናስተያየው። ከሪያድና ከጅዳ በኢሞ የሚደወለው ስልክ ስንት ጊዜ «ብሩ ደረሰ?» ብሎ ይዘጋል? ለእንጀራ የተሰደደውን ወንድሜን አልወቅስም። በበረሃ የተንከራተተው ለልጁ ነው፤ ላቡም ሐላል ነው። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ብር የልጁን ሆድ ይሞላል፤ «ዛሬ ምን ሆንክ?» የሚለውን ቃል ግን አይተካም።

እናቶችንም ማንም አይውቀስብኝ። ኢማም ሻፊዒ፣ ኢማም አሕመድ፣ ኢማም ቡኻሪ አባቶቻቸው በልጅነታቸው ሞተውባቸው በእናቶቻቸው እጅ ያደጉ ናቸው። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው አባታቸውን ሳያዩ ተወለዱ፤ እናታቸው ከሞቱ በኋላ በአያታቸውና በአጎታቸው እጅ አደጉ። የቲም መሆን ነውር አይደለም። ነውሩ አጎት፣ ጎረቤት፣ ኡስታዝ ሞልቶ ሳለ ልጁ የሚጠይቀው ማጣቱ ነው።

«እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ጨርሶም ማንበብ አልችልም፤ ምን ላድርግ?» የሚል አባት ካለ ደግሞ የዚያን የዋልተር ዲን ማየርስን ታሪክ ልንገረው። ማየርስ እናቱ በሕፃንነቱ ሞታበት በአሳዳጊዎች እጅ በኒውዮርክ ሃርለም ያደገ ነው። አሳዳጊ አባቱ ኸርበርት ዲን ለፍተው አሳደጉት፤ «ዲን» የሚለውንም ስም ለአሳዳጊዎቹ ክብር ሲል በብዕር ስሙ ውስጥ አስገባው። ልጁ ታላቅ ደራሲ ሆነ። አባቱ ግን ስለ መጻሕፍቱ ምንም አይሉትም ነበር። ልጁም በዚህ ተጎዳ። አባቱ ማንበብ የማይችሉ እንደ ነበሩ ያወቀው ዘግይቶ ነው። እኒያ አባት ቤት ነበሩ፤ ሠራተኛ ነበሩ፤ ልጃቸውን ይወዱ ነበር። በመካከላቸው የቆመው አንድ ያልተነገረ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ አባት ሆይ፣ ማንበብ ባትችል አትፈር! «ልጄ፣ ያነበብከውን ንገረኝ» በለው። ይህን ለማለት ምንም ትምህርት አያስፈልግም።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ልጃችሁ የሚያነበውን መጽሐፍ ከመቀማታችሁ በፊት አንብቡት፤ ወይም ያንብብላችሁ። መጥፎውን ስትከለክሉ ምክንያቱን ንገሩት፤ በፈንታውም የተሻለ ስጡት። በሳምንት አንዲት ማታ እንኳ ስልክ ዘግታችሁ አብራችሁት ብሉ። አባቱ የራቀበትን የጎረቤት ልጅ ለጁሙዓ ስትሄዱ ጠርታችሁ ውሰዱት። መምህራንም የተማሪን ጥፋት በጓደኞቹ ፊት አንዘርግፍ፤ ይህን ለራሴም እላለሁ። ብዕር ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶችም ለእነዚህ ልጆች ጻፉ! ስብከት ብቻ አትጻፉላቸው፤ ልጁ ማታ ማታ ቤት የሚያስቀምጠው ታሪክ ጻፉለት።

ያ መጽሐፍ ምን ሆነ? መለስኩለት። ጓደኞቹ ፊት ነበር የገሠጽኩት፤ ጓደኞቹ ፊት መለስኩለት። ከቂርአት በኋላም አስቀምጬ ስለ ታሪኩ ጠየቅሁት። ያ ዝምተኛ ልጅ ሳያቋርጥ ነገረኝ። በመጨረሻም፣ «ኡስታዝ፣ አባቱ ከእስር ሲወጣ ልጁ ምን ይለዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ የሚጠይቀኝ ስለ ካስል እንዳልሆነ ገባኝ። «አንተ ብትሆን ምን ትለዋለህ?» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ቆየና «እኔ እንጃ፤ ድምፁን ነው የማውቀው» አለኝ።

እናቱን አግኝቼ ነገርኳት፤ እርሷም ለባሏ ነገረችው። አሁን ሐሙስ ማታ ሲደውል ልጁ ከመጽሐፉ አንድ ምዕራፍ በአማርኛ ይተርክለታል። ኔትዎርኩ ሲቆራረጥ ደግሞ ይደግምለታል። አባትየው አልተመለሰም፤ መጽሐፉም አላመጣውም። እናቲቱ እንደ ነገረችኝ ግን ሰውየው በየመካከሉ «ከዚያስ?» ይላል። በስድስት ዓመት ውስጥ ልጁን «ከዚያስ?» ብሎ ሲጠይቀው የመጀመሪያው ነው።

አንባቢ ሆይ! የአንተ ልጅ ከአንተ ይህን ቃል ከሰማ ስንት ጊዜ ሆነው? ልጆቻችን ለእኛ አማና ናቸው፤ በአማናችንም እንጠየቃለን።

አላህ በቅርብም በሩቅም ያለነውን አባቶች ለልጆቻችን የምንገኝ ያድርገን፤ የቲሞችንም የሚይዛቸው ደግ እጅ አያሳጣቸው። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።